ዲግሪ ይዞ ፊደል ቆጠራ፦ ማስተርስ ላይ ኮድ የሚጀምሩ ሰዎች ስህተቶች

የሕብረተሰብ ጤና ተመራቂ ናችሁ እንበል። ማስተርስ ገባችሁ፤ አድቫይዘራችሁ «ዳታውን በፓይተን ሥሩት» አሏችሁ። ፓይተን ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው፤ እናንተ ግን በሕይወታችሁ አንድ መስመር ኮድ ጽፋችሁ አታውቁም። እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው። አሁን ከኋላዬ የሚመጡትን ሳግዝ የራሴኑ ስህተቶች አያለሁ።

እያነበቡ መማር

እስከ ማስተርስ ያደረሰን ማንበብና ኖት መያዝ ነው። ስለዚህ ኮዱንም እንደ ሃንዳውት እናነበዋለን። ዩቲዩብ ላይ ሰውየው ሲጽፍ እያየን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ባዶ ስክሪን ፊት ስንቀመጥ ግን የመጀመሪያው መስመር ራሱ ይጠፋናል። እንጀራ ሲጋገር ያየ ሁሉ ዓይን ያለው እንጀራ አይጋግርም። ምሳሌውን በእጃችሁ ጻፉት። ከዚያ አንድ ቁጥር ቀይሩና፣ ከማስኬዳችሁ በፊት ምን እንደሚመጣ ገምቱ። ግምታችሁ ሲስት ያኔ ተማራችሁ። ቻትጂፒቲ የጻፈላችሁንም ቢሆን፣ ዲፌንስ ላይ መስመር በመስመር ማስረዳት ካልቻላችሁ ቲሲሳችሁ ውስጥ አታስገቡት።

ቀዩን ጽሑፍ መሸሽ

ኤረር (የስህተት መልእክት) ሲመጣ መስኮቱን የሚዘጉ አሉ። ፓይተን ላይ ከታች ወደ ላይ አንብቡት። የመጨረሻው መስመር ምን እንደተበላሸ ይናገራል፤ ከሱ በላይ ያለው ደግሞ የት እንደሆነ። እኔ አንዴ ኪቦርዴ አማርኛ ላይ ቀርቶ በእንግሊዝኛው «:» ፈንታ የኛን «፡» ጽፌ ሁለት ቀን ታገልኩ። በዓይን አንድ ናቸው፤ ለፓይተን ግን አይደሉም። ኤረሩ «የማይታወቅ ምልክት» ብሎኝ ነበር። አላነበብኩትማ!

ኤረር ካልመጣ ልክ ነው ብሎ ማመን

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በኛ አቆጣጠር የተሞላ መጠይቅ ላይ 30/2/2012 የሚል ቀን አለ፤ ጥቅምት 30 ማለት ነው። ፓንዳስ (ፓይተን ላይ የሠንጠረዥ ዳታ የምንሠራበት መሣሪያ) ግን ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያየዋል። እንዲህ ያለ ቀን የለም። «ያልገባህን ባዶ አድርገው» የሚል ትእዛዝ ከሆነ ቦታ ኮፒ ፔስት አድርጋችሁ ከሆነ፣ ቀኑ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል። ጳጉሜማ ጭራሽ 13ኛ ወር ነው። የጠፋውስ ባዶ ስለሆነ ይታያል። 5/2/2012 የባሰ ነው፦ ወር ቀድሞ እንደተጻፈ ቆጥሮ፣ ሜይ 2 ቀን 2012 ብሎ በሙሉ ልብ ያነበዋል። ትክክለኛው ኦክቶበር 16 ቀን 2019 ነበር።

የከተማ ስምም እንደዚሁ ነው። ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ ለኛ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ስለዚህ ምንም ከማስላታችሁ በፊት ዓምዱ ውስጥ ስንት የተለያየ ቃል እንዳለ ጠይቁት። አሥር ረድፍ ደግሞ በወረቀት ራሳችሁ አስሉና አስተያዩ።

ይሄ የጀማሪ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የመንግሥት ዕዳቸው ከጠቅላላ ዓመታዊ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች ኢኮኖሚ በአማካይ በ0.1 በመቶ እንደሚቀንስ ጻፉ። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ለክፍል ሥራ ሊደግመው ቢሞክር አልመጣለትም። ኤክሴላቸውን ጠይቆ ሲከፍት፣ አማካዩን የሚያሰላው ቀመር ከ20 አገሮች 5ቱን ዘሏቸዋል። እሱና ሌሎች ችግሮች ሲስተካከሉ ቁጥሩ ወደ 2.2 በመቶ ዕድገት ተለወጠ። ኤክሴሉ አንዴም ኤረር አላለም።

ፓይተንን፣ አርን፣ ጃቫን አንድ ላይ መጀመር

አታድርጉት። ለአንድ ቲሲስ አንድ ቋንቋ ይበቃል። አድቫይዘራችሁ የሚችሉትን ምረጡ።

መጠየቅን ማፈር

ዲግሪ ይዞ «ሉፕ ምንድን ነው?» ማለት ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ያን ሁለት ቀን የታገልኩበትን «፡» ያገኘልኝ፣ ከጎኔ የተቀመጠ የሁለተኛ ዓመት የዲግሪ ልጅ ነው። ዞር ብሎ አየና «ኪቦርድህ አማርኛ ላይ ነው እኮ» አለኝ። ማኪያቶ ጋበዝኩት።