ለፒስታ መንገድ ሾክና ቡሽንግ ስትገዙ፦ የቱ ኦሪጅናል ይሁን፣ የቱ ባይሆን ይቻላል?

ከጅማ ወደ ጌራ ወይም ወደ ሊሙ ገጠር የሚመላለስ መኪና ሾኩን የሚጨርሰው ጉድጓድ ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚጎዳው እንደ ቆርቆሮ የተሸነተረው ፒስታ ነው። ሾኩ ውስጥ ያለው ፒስተን ሳያርፍ ከፍ ዝቅ እያለ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋው ንዝረቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ሲበዛ ዘይቱ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ፒስተን አይይዝም። ጠዋት ደህና የነበረ መኪና ከሰዓት የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝ ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል እንጂ አልሞተም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን አንድ ጥግ በእጅ ተጭናችሁ ልቀቁት። ከሁለት ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ ሾኩ ደክሟል። በላዩ ላይ ስስ እርጥበት መታየቱ አያሳስብም፤ አቧራ ይዞ የሚወርድ ዘይት ግን ሲሉ (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ማለቁን ያሳያል። ኳኳታው ብዙ ጊዜ ከቡሽንግ (በብረት መጋጠሚያዎች መካከል ከሚገባው ጎማ)፣ ከስታብላይዘር ሊንክ ወይም ከቦል ጆይንት (ከሌሎቹ የእግር መጋጠሚያዎች) ነው የሚመጣው። ሾክ ተቀይሮ ድምፁ እንዳለ ሲቀር ገንዘቡ በከንቱ ወጣ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሻንሲ ኮዱን (የመኪናውን ሞዴል መለያ) ጻፉ። «የቪትዝ ሾክ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ የመጀመሪያው ኤስሲፒ10 እና ከ2005 ወዲህ የመጣው ኬኤስፒ90 ዕቃቸው የተለያየ ነው። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አስር ቦታ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። እንደ ቪትዝ ባለ መኪና 48510 የፊት ቀኝ ሾክ፣ 48520 የፊት ግራ፣ 48131 የፊት ሞላ ነው። በቶዮታ ካርቶን ሁለት 48510 ከመጣላችሁ ሁለት ቀኝ ገዝታችኋል። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ ዕቃው ሳይጫን የካርቶኑንም የሾኩንም ቁጥር ፎቶ አስልኩ፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መልሶ መላክ አድካሚ ነው።

አሁን ምርጫው። ለሾክ የቶዮታ ካርቶን የግድ አይደለም። ኬዋይቢም ቶኪኮም ለመኪና ፋብሪካዎች ሾክ ሲያቀርቡ የኖሩ የጃፓን ስሞች ናቸው፤ በራሳቸው ስም የሚሸጡትን፣ ለሞዴላችሁ የተሠራውን መግዛት ተገቢ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ስማቸውን ከለበሰው ፎርጅድ ነው። ጋዝ ያለበትን ሾክ ተጭናችሁ ስትለቁት ዘንጉ በራሱ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ካልወጣ ካርቶኑ ምንም ቢያምር ተዉት። ነጠላ ግድግዳ ያለው ሾክ ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፣ ለውድድርም ይወደዳል። ነገር ግን ድንጋይ መትቶ ካጎደጎደው ፒስተኑ እዚያው ይነክሳል። ለፒስታ ባለ ሁለት ግድግዳውን እመርጣለሁ።

ሞላ የፋብሪካው ይሁን። መኪናውን በሞላው ላይ በሚደረብ ማስነሻ (ስፔሰር) 3 ሳንቲ ሜትር ስታነሱት ሾኩ ወደ ታች የሚዘረጋበትን ያንኑ ያህል ትቀንሳላችሁ፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ዘንጉ ጫፉ ላይ ይመታል።

ቡሽንግ ላይ ግን አትደራደሩ፣ ኦሪጅናሉን፣ ከጎማ የተሠራውን ቡሽንግ ግዙ። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራው ዓይነት በአስፋልት ውድድር ላይ የጎማውን አቅጣጫ አጥብቆ ስለሚይዝ ይጠቅማል። እዚህ ግን ጭቃና አቧራ በመካከሉ ገብቶ ይፈጨዋል፣ ግሪስ ካላገኘ ይጮኻል፣ ንዝረቱንም ወደ ቦዲው ያስተላልፋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ገጠማ ነው፤ ውድ ዕቃ የሚበላሸውም እዚህ ነው። የጎማ ቡሽንግ ከውስጥ ብረቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ አይሽከረከርም፤ የሚሠራው እየተጠማዘዘ ነው። መኪናው በክሪክ ላይ ሆኖ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ የአርሙ (እግሩን ከመኪናው የሚያያይዘው ክንድ) ብሎን ከጠበቀ፣ ቡሽንጉ «ቦታዬ ይህ ነው» ብሎ ይያዛል። መኪናው መሬት ሲወርድ ገና ሳይንቀሳቀስ ተጠማዝዟል። ፒስታው በዚያ ላይ ሲጨምርበት የቡሽንጉ ጎማ ቶሎ ይቀደዳል፤ ከዚያ «ኦሪጅናል ብለው ሸጡልኝ» ይባላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገቡ፣ ጎማውን ግጠሙ፣ መኪናውን በአራት እግሩ አውርዱ፣ ወዘወዝ አድርጉት፣ ከዚያ አጥብቁ። ከታች እጅ ካልደረሰ ክሪኩን ከአርሙ ሥር አስገብታችሁ የመኪናው ክብደት እስኪያርፍበት አንሱት። መካኒኩ ቢቸኩልም እዚህ ላይ አብራችሁት ቁሙ።

ሾኩ በአውቶቡስ ተኝቶ ስለሚመጣ አየሩ ያለቦታው ይገባል። ከመግጠማችሁ በፊት አቁማችሁ አራት አምስት ጊዜ እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ጫኑት። ዳዶውን ስታስሩ ዘንጉን በፒንሳ አትያዙ፤ ትንሽ ጭረት ሲሉን ትቆርጠዋለች። የፊት ሞላን ያለ መጭመቂያ መፍታት ደግሞ ሕይወት ያጠፋል፤ ታፍኖ ያለው ሞላ እንደ ጥይት ይፈናጠራል።

ሾክ ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል። የፊቱ ከተነካ አላይመንት አሠሩ፤ ከመጀመሪያው የፒስታ ጉዞ በኋላም ብሎኖቹን በቁልፍ ፈትሹ።