በማብሰያ ጋዝ የተሞላ የድሮ መኪና ኤሲ፦ ችግርና መፍትሄ

ቺንጋውን፣ ፊውዙንና የኮምፕሬሰሩን ክላች ሽቦ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። እዚህ ድሬዳዋ አሮጌ ኮሮላ ወይም ዲኤክስ ኤሲው አስቸግሮ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው በምን እንደተሞላ ነው። «በጋዝ» ካሉኝ፣ የትኛው ጋዝ?

ፕሮፔንና አይሶቡቴን ተመጥነው ሲደባለቁ ጥሩ ያቀዘቅዛሉ፤ ከድሮው የአር12 (የድሮ መኪኖች የኤሲ ጋዝ) ዘይት ጋርም ይስማማሉ። ሥራ የሚያበዛብን ከወጥ ቤት ሲሊንደር በግምት የሚጨመረው ነው።

ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ይሞቃል፤ መኪናው ሲቆም ኮምፕሬሰሩ ይቆራረጣል

የከተማችን በሽታ ይሄ ነው። መጀመሪያ ኮንደንሰሩን (ከራዲያተሩ ፊት ያለውን፣ ትኩሱን ጋዝ ወደ ፈሳሽ የሚለውጠውን) እጠቡት፤ የደቻቱ አቧራ ክንፎቹን ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ታጥቦም ቬንቲሌተሩ እየሠራ ቀዩ ጌጅ (የከፍተኛ ግፊት መለኪያው) ከ300 ፒኤስአይ ካለፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ ከልክ በላይ ገብቷል።

ፈሳሽ ፕሮፔን ክብደቱ ከ134 (አር12ን ከተካው የመኪና ኤሲ ጋዝ፣ አር134ኤ) ግማሽ አይሞላም። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት «134፦ 700 ግራም» ካለ፣ የሃይድሮካርቦኑ (የፕሮፔንና የአይሶቡቴኑ) ልክ ከ250 እስከ 280 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲገባ ኮንደንሰሩ በፈሳሽ ይጨናነቃል፣ ትኩሱ ጋዝ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ቦታ ያጣል። ሹፌሩ ደግሞ «አቦ አልቀዘቀዘም፣ ትንሽ ጨምርበት» ይላል። ይጨመርለታል። ከዚያ ዳገት ላይ፣ ደንገጎ ሳይደርስ፣ ሞተሩም አብሮ ይግላል።

ሌላም ጣጣ አለው። የማብሰያ ጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው፣ ምጥኑም ከሲሊንደር ሲሊንደር ይለያያል። ሲሊንደሩ ቆሞ በትነት ሲሞላ ቀድሞ በብዛት የሚወጣው ፕሮፔኑ ነው፤ የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ነውና። ቡቴኑ ወደ ታች ይቀራል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሲሊንደር የተሞሉ ሁለት ታክሲዎች ተከታትለው መጡ። መጀመሪያ የተሞላው ግፊቱ ጣሪያ ነክቶ ኮምፕሬሰሩ ያቃስታል። ከሲሊንደሩ ቂጥ የደረሰው ደግሞ ሰማያዊው ጌጅ (የዝቅተኛ ግፊት መለኪያው) ዜሮ አካባቢ ተኝቷል፣ ከአየር ማውጫው የሚነፍሰው ተራ ንፋስ ነው። ሁለቱም ሹፌሮች ኮምፕሬሰር ለውጡ ተብለው ነበር! የሁለቱም ኮምፕሬሰር ጤነኛ ነበር።

መፍትሄው፦ ያለውን ጋዝ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሞተር ጠፍቶ ልቀቁት። ጋራዥ ውስጥ አይሆንም። ከአየር ስለሚከብድ መኪና ሥር የምንገባበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ብየዳ የሚሠራ ሰው ደግሞ መቼም አይጠፋም። ቀጥሎ ቫኪዩም፦ ውስጡ የቀረውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ሳቡት። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ጌጁ 26 ኢንች አካባቢ ይቆማል፣ ሐረር ላይ 24 ገደማ። «መጽሐፉ 29 ይላል» እያላችሁ የሌለ ሊኬጅ አትፈልጉ። ከዚያ ለማቀዝቀዣ ተብሎ የተጣራውን የፕሮፔንና አይሶቡቴን ድብልቅ በሚዛን፣ ሲሊንደሩን ገልብጣችሁ በፈሳሹ፣ ሞተር ጠፍቶ በቀዩ በኩል ሙሉ። ሞተር እየሠራ የቀዩን ቫልቭ አትክፈቱ፤ የኮምፕሬሰሩ ግፊት ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል፣ ጣሳ ከሆነ ይፈነዳል። የፍሪጅ ሠሪዎቹ 600 (አር600ኤ፣ ንጹሕ አይሶቡቴን) ብቻውን አይሆንም፣ ግፊቱ ያንሳል። ድብልቁ ካልተገኘ ወደ 134 ተመለሱ፤ አር12 የነበረ ከሆነ ግን ዘይቱን ቀይሩ፣ የድሮው ዘይት ከ134 ጋር አይዋሃድም።

ውስጥ የጋዝ ሽታ አለ

ኢቫፖሬተሩ (ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው) ተበስቷል። መስኮትና በር ክፈቱ፤ የንፋሱን ማብሪያ፣ ላይተር፣ መብራት አትንኩ። ፕሮፔን አየሩ ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይቀጣጠላል። ለአንድ የቤት መኪና 100 ግራም ይበቃል፣ እሱም ወርዶ እግር ሥር ይከማቻል። እኛ አገር ደግሞ በሙቀቱ መስኮት ዘግቶ፣ ኤሲ ከፍቶ፣ መኪና ውስጥ በርጫ ይያዛል፣ ሲጋራም ይለኮሳል። ስለ ሊኬጅ ስነግራቸው የሚስቁብኝ አሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለማቀዝቀዣ የተጣራው ጋዝ ሽታ የለውም። «አይሸትም» ማለት «አያፈስም» ማለት አይደለም። ለ134 ብቻ የተሠራ የሊኬጅ መፈለጊያም እዚህ አያገለግልም። የሳሙና አረፋ ተጠቀሙ፤ ኢቫፖሬተሩን ግን አረፋ ስለማይደርስበት አውጥታችሁ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በናይትሮጅን ፈትሹት። በብየዳ አትድፈኑት፣ ቀይሩት። ጣሳ ውስጥ የሚሸጠው ሊኬጅ ደፋኝ ተብዬማ ኤክስፓንሽን ቫልቩን (ፈሳሹ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባበትን ጠባብ ቀዳዳ) ይደፍናል፣ ጌጃችሁንም ያበላሻል። አዲስ ተብሎ የሚሸጠውንም ኢቫፖሬተር ሳትገጥሙት ፈትሹት። ላስቲኩ ሳይቀደድ የሚያፈስ አጋጥሞኛል።

መኪናው ኢቫፖሬተር የሚቀየርለት ካልሆነ ሃይድሮካርቦን አልሞላም። ባለቤቱ ቢለምነኝም።

ቧንቧው በረዶ ይሠራል፣ ቅዝቃዜው ይቆራረጣል

እርጥበት ገብቶበታል። ድራየሩን (እርጥበት መጣጩን) ቀይሩ፣ ረዘም ያለ ቫኪዩም አድርጉ።

ኮምፕሬሰሩ ይንጫጫል

ዘይት። ጋዙ ሲለቀቅ አብሮ ወጥቷል።

ጌጁ ላይ የምታዩት ከምንም ጋር አይገጥምም

134 እና የማብሰያ ጋዝ ተደባልቀዋል። ለማስተካከል አትሞክሩ፣ ከዜሮ ጀምሩ። ይሄ ለ134 ብቻ በተሠራው የጋዝ መሳቢያ ማሽን አይሳብም፤ የማሽኑን ሲሊንደር ያበላሻል፣ ብልጭታ ካገኘም ይነዳል። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ምን ጋዝ፣ ስንት ግራም፣ መቼ እንደሞላችሁ በማይለቅ ቀለም ኮፈኑ ሥር ጻፉ፤ «የሚቀጣጠል» የሚለውን ጎላ አድርጉት።