አንድ ስም፣ ብዙ ፈንክሽን፤ ኮድ አመንጪ ስትጽፉ አታድርጓቸው የምላቸው

«ጋሼ፣ ሁለቱ ፈንክሽኖች የሚለያዩት በመጨረሻዎቹ ፓራሜትሮች ብቻ ስለሆነ አዋሃድኋቸው» የሚል መልእክት ጽፎ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የሠራውን ኮድ አመንጪ፣ ማለትም መግለጫ አንብቦ ኮድ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ላከልኝ። ፋይሉን ሳልከፍተው ስህተቱን አወቅሁት። ይህንኑ ሲያደርግ ያየሁት አምስተኛው ሰው ነው፤ የመጀመሪያው እኔ ነበርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራውዘሮች ለጃቫስክሪፕት የሚያቀርቧቸው ኢንተርፌሶች የሚገለጹት ዌብ አይዲኤል በሚባል ቋንቋ ነው። በዚያ መግለጫ አንድ ስም የተጋሩ በርካታ ፈንክሽኖችን፣ ማለትም ኦቨርሎዶችን፣ መደርደር ይቻላል። ጃቫስክሪፕት ግን ኦቨርሎድ አያውቅም፤ ለአንድ ስም ያለው አንድ ፈንክሽን ብቻ ነው። ስለዚህ አመንጪው አንድ በረኛ ያቆማል፤ በረኛውም በጥሪው ጊዜ የመጣውን አይቶ ወደ ትክክለኛው ክፍል ይመራል። ጥፋቱ ሁሉ የሚፈጸመው እዚህ በር ላይ ነው።

ማዋሃድ

ገጽ ከሰርቨር መረጃ የሚጠይቅበት ኤክስኤምኤል ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት «ኦፕን» የተባሉ ሁለት ፈንክሽኖች አሉት። የመጀመሪያው የጥያቄውን ዘዴና አድራሻውን ብቻ ይቀበላል። ሁለተኛው በእነዚህ ላይ አንድ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት) የግድ ይጠይቃል፤ እውነት ከሆነ ጥያቄው ገጹን ሳያስቆም ይሄዳል፣ ሐሰት ከሆነ ገጹ መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በአማራጭነት ይከተላሉ። በሁለት ብቻ ከተጠራ ገጹ አይጠብቅም። ታዲያ ጀማሪው ምን ያስባል? «ሦስተኛውን አማራጭ ላድርገው፣ ነባሪ ዋጋውን እውነት ልበለው፣ ሁለቱ አንድ ይሆኑልኛል።» አጭር ነው፣ ያምራል፣ ስህተት ነው።

ዌብ አይዲኤል በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት አርጊዩመንት፣ ማለትም በጥሪው የተሰጠ ዋጋ፣ እንደመጣ ነው። በሦስተኛው ቦታ አንዲፋይንድ፣ ማለትም «ዋጋ አልተሰጠም» የሚለው የጃቫስክሪፕት ምልክት፣ ተቀምጦ ከመጣ ሦስት መጥቷል፤ ባዶ ነው ተብሎ ከቁጥር አይወጣም። ሦስት ከመጣ ሁለተኛው ፈንክሽን ይመረጣል። አንዲፋይንድ ወደ ቡሊያን ሲለወጥ ደግሞ ሐሰት ነው። ገጹ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኤክስኤምኤል ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት መስፈርት ጸሐፊዎችም የወደዱት ነገር አይደለም፤ ነባር ድረ ገጾች ስለሚበላሹ ሊያስተካክሉት እንዳልቻሉ በጽሑፉ ውስጥ በቁጭት አስፍረዋል።

የእኔ አመንጪ ለሌላ ቋንቋ መጠቅለያ፣ ማለትም ጥሪውን ተቀብሎ ወደ ጃቫስክሪፕት የሚያሳልፍ ኮድ፣ ያወጣ ነበር። መጠቅለያው ተጠቃሚው ባይሰጠውም አምስቱንም ቦታ በአንዲፋይንድ እየሞላ ያስተላልፋል። በቢሯችን ፈጣን መስመር ማንም አላስተዋለም። መስመሩ ደካማ የሆነ ደንበኛ ዘንድ ሲደርስ ግን አንድ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ገጹ ይደርቃል፤ መዳፊቱ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ሁሉ ሐውልት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ስወቅስ ከረምሁ። በሦስተኛው ቀን የመነጨውን ኮድ ከፍቼ አነበብሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው።

ስለዚህ አታዋህዱ። መጠቅለያችሁ ሁለት ከተቀበለ ሁለት ያስተላልፍ፣ ሦስት ከተቀበለ ሦስት። የብራውዘር ኢንተርፌሶችን ለራስት ቋንቋ የሚያቀርበው ዌብ ሲስ እያንዳንዱን አጠራር በየራሱ ስም ነው የሚያወጣው፤ «ኦፕን» አለ፣ «ኦፕን ዊዝ አሲንክ» አለ። ስሞቹ ሲረዝሙ ያስቀይማሉ፤ ገጽ ግን አያደርቁም።

ሳይቆጥሩ ዓይነት ማየት

በገጽ ላይ የሚሳልበት የካንቫስ «ድሮው ኢሜጅ» በ3፣ በ5 ወይም በ9 አርጊዩመንቶች ይጠራል። በ4 ቢጠራስ? የጀማሪው በረኛ ምስሉንና ሁለቱን ቁጥሮች ያይና «3 አሟልቷል፣ ይግባ» ይላል። በመስፈርቱ ግን በ4 የሚጠራ ስለሌለ ታይፕ ኤረር የሚባለው ስህተት ነው። በ10 ቢጠራ ደግሞ ትርፉ ተጥሎ በ9ኙ ይሠራል። ከትልቁ በላይ የሆነው ይቆረጣል፤ በመካከል ያለው ክፍተት ግን አይታለፍም።

ገጹን በሚያንሸራትተው «ስክሮል ቱ» ላይም እንዲሁ ነው። አንደኛው አማራጮችን የያዘ ዲክሽነሪ (ስምና ዋጋ የተጣመሩበት ኦብጀክት) ይቀበላል፣ ሌላው ሁለት ቁጥሮችን። በ100 ብቻ ስትጠሩት ቁጥር ነውና ወደ ቁጥሮቹ ይሄዳል ብላችሁ ከገመታችሁ ተሸውዳችኋል። አንድ ብቻ የሚቀበለው ባለዲክሽነሪው ነው፤ ወደዚያ ይላካል፣ 100 ደግሞ ዲክሽነሪ ስላልሆነ እዚያው ይወድቃል።

ሁሉንም ቦታ መበርበር

ስም የሚጠራ መምህር ክፍሉ ውስጥ ሁለት ተስፋዬ ቢኖሩ በአባት ይለያቸዋል። የሁለቱም አባት ከበደ ከሆነ በአያት። አያት ላይ ከተለዩለት ቅድመ አያት ድረስ አይወርድም። ብዛታቸው እኩል የሆኑ ኦቨርሎዶችም የሚለዩት እንዲህ ነው፤ ዓይነታቸው በማያሻማ ሁኔታ የሚለያይበት የመጀመሪያው ቦታ ተፈልጎ እርሱ ብቻ ይታያል። ከእርሱ በፊት ያሉት ቦታዎች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ካልሆኑ መግለጫው ራሱ ስህተት ነው፤ አመንጪያችሁ መገመቱን ትቶ ይጩህ።

ሎንግና ደብል ሁለቱም ቁጥር ናቸውና አይለዩም። ስትሪንግ (ጽሑፍ) እና ኢነም (ከተወሰኑ ጽሑፎች አንዱ) እንዲሁ አይለዩም። ከሲ ፕላስ ፕላስ የመጣችሁ ይህን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ስትሪንግን ማስቀደም

ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር ስትሪንግ መሆን ይችላል፤ ስለዚህ ስትሪንግን ከፊት ያቆመ በረኛ ሌላውን ክፍል ዘግቶታል ማለት ነው። ኦብጀክቶች ይቅደሙ፣ ከዚያ ትክክለኛ ቡሊያንና ቁጥር፣ ስትሪንግ ከእነርሱ በኋላ። ናልን (ሆን ተብሎ የተቀመጠ ባዶ) እና አንዲፋይንድንም አንድ አድርጋችሁ አትዩአቸው። የካንቫሱን «ፊል» ውሰዱ፤ አንደኛው የአሞላል ደንብ በአማራጭነት ይቀበላል፣ ሌላው በቅድሚያ የፓዝ ቱዲ (የሚሞላው ቅርጽ መስመር) ኦብጀክት ይጠይቃል። በአንዲፋይንድ ብትጠሩት አማራጭ ወዳለው ሄዶ በነባሪው ደንብ ይሞላል። በናል ብትጠሩት ግን ሁለቱም ናል አይቀበሉም፤ «ናል» የሚል ጽሑፍ ሆኖ ወደ ደንቡ ይሄዳል፣ እንዲህ የሚባል ደንብ ስለሌለም ይወድቃል።

በቁጥር መሰየም

ኦቨርሎድ ወደማያውቅ ቋንቋ ስታወጡ ስም መፍጠር ግድ ነው። የማይክሮሶፍቱ ዶት ኔት ክላሶቹን ኮም ለተባለው ነባር የፕሮግራሞች መገናኛ ሲያጋልጥ የመጀመሪያውን በስሙ ይተውና ተከታዮቹ ላይ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይቀጥላል። ይህን አትቅዱ። አንድ ሰው በመካከል አዲስ ኦቨርሎድ ሲጨምር የትናንቱ 2 ዛሬ 3 ይሆናል፤ የጠሪው ኮድ ኮምፓይል ከሆነ ደግሞ ይባስ፣ ሌላ ፈንክሽን እየጠራ ማንም አያውቅም። በፓራሜትር ስም ወይም በዓይነት ሰይሙ፤ አንዴ የወጣውን ስም ደግሞ መዝግባችሁ አትንኩት።

የቀሩትን በአጭሩ። ታይፕስክሪፕት ከላይ ወደ ታች ወርዶ መጀመሪያ የተስማማውን ስለሚወስድ ሰፊውን ዓይነት ከታች አድርጉት። የሲና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድን ለሌሎች ቋንቋዎች በሚጠቀልለው ስዊግ የምትሠሩ 509 ቁጥር ማስጠንቀቂያን አታጥፉ፤ አንደኛው ኦቨርሎድ በሌላው ጥላ ሥር ገብቶ እንደማይጠራ እየነገራችሁ ነው። በዌብ አይዲኤል ኦቨርሎድን በዋናው ኢንተርፌስና በፓርሻሉ (ለብቻው በሚጻፈው ተጨማሪ ቁራጭ) ከፋፍሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ አመንጪያችሁ ዝም ብሎ እንዳያያይዛቸው።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ በስልክ ሰምቶኝ «ማዋሃዱን አነሣዋለሁ፣ ሌላው ግን ደህና ነው» አለኝ። ድሮው ኢሜጅን በ4 አርጊዩመንቶች ሞክረው አልሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለ።

«ጋሼ፣ ምስሉ በደንብ ተስሏል።»

«መሳል አልነበረበትም» አልሁት።