ቤኒፊት ላይ ሆናችሁ ዳይሬክት ዴቢት ሲመለስባችሁ፦ ቅጣቱን ማስመለስ፣ ደግሞም እንዳይመጣ ማድረግ

ቤኒፊት (የመንግሥት ድጎማ) እየተቀበላችሁ ዳይሬክት ዴቢት፣ ማለትም ድርጅት በፈቃዳችሁ ከባንክ ሒሳባችሁ በየጊዜው የሚወስደው ክፍያ፣ በሒሳባችሁ ገንዘብ ባለመኖሩ ሲመለስ ቅጣት ሊከተል ይችላል። እንግሊዝ አገር ስለ ባንክ ቅጣት ወሬ ሲነሳ «ሕገ ወጥ ነው ብለህ ጻፍላቸው፣ ወዲያው ይመልሱልሃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰውየው አልዋሸም፤ ምክሩ ግን አርጅቷል። በ2006 እና በ2007 ብዙ ሰው በአንድ ገጽ ደብዳቤ የዓመታት ቅጣት አስመልሷል። በኋላ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ኖቬምበር 25 ቀን 2009 ባንኮቹ ረቱ፤ የቅጣቱ መጠን «በዛ» ተብሎ በሸማቾች ውል ደንብ ሊመዘን አይችልም ተባለ። ዛሬ «ዋጋው ፍትሐዊ አይደለም» ብላችሁ ብትጽፉ የሚመጣላችሁ ትሕትና የተሞላበት እምቢታ ነው። የሚያስኬዱት መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ስህተቱ የባንኩ ወይም የድርጅቱ መሆኑን ማሳየት፣ አለዚያም የገንዘብ ችግር ላይ መሆናችሁን በግልጽ መናገር። የቱ እንደሚያዋጣችሁ የሚለየው ምልክቱን ስታዩ ነው።

ምልክት፦ «ገንዘብ ተቆርጧል፣ የምን እንደሆነ ግን አልገባኝም»

አንዲት እናት የጫማ ካርቶን ሙሉ ደብዳቤ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ባንክ በየወሩ እየቀጣ ጨረሰኝ» አሉኝ። ስቴትመንቱንና ቢሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በእርሳስ እያሰመርን አነበብነው። በሦስት ወር ውስጥ አራት «ቅጣት» አገኘን። ሁለቱ ከነጭራሹ የባንኩ አልነበሩም፤ ዳይሬክት ዴቢቱ ሲመለስበት የስልክ ድርጅቱ በሚቀጥለው ቢል ላይ የጨመረው የመዘግየት ክፍያ ነው። አንዱ የኦቨርድራፍት ወለድ ነበር፤ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ሲወርድ ከባንኩ ለሚበደሩት ገንዘብ የሚከፈል ማለት ነው። ክፍያ በመመለሱ ባንኩ ራሱ የቆረጠው አንዱ ብቻ ነበር። አራቱንም ባንኩ ላይ ቢጭኑ ኖሮ «ሦስቱ የተመለሰ ክፍያ ቅጣት አይደሉም» ተብለው አራተኛውም አብሮ ይቀር ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ለዩ። ክፍያው ተመልሶ ባንኩ ለመመለሱ ካስከፈለ፣ ይህ የተመለሰ ክፍያ ቅጣት ነው። ባንኩ ገንዘብ ሳይኖራችሁ ከከፈለና ሒሳባችሁ ማይነስ ከገባ ግን የምትከፍሉት ወለድ ነው። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ በደንቡ መሠረት ባንክ ኦቨርድራፍት ላይ በቀን ይህን ያህል ብሎ መቅጣት አይችልም፤ ያልተፈቀደው ኦቨርድራፍትም ከተፈቀደው በላይ ሊያስከፍል አይችልም። ክፍያ ለመለሰበት የሚጠይቀው ደግሞ መመለሱ ካስወጣው ወጪ ጋር መመጣጠን አለበት። ብዙ ባንኮች ይህን ቅጣት ጨርሰው ትተውታል። ስለዚህ ዛሬ ወፈር ያለ ቅጣት ካያችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ምንድን ነው? በየትኛው የዋጋ ዝርዝራችሁ ላይ አለ?» ይሁን።

አንድ ሌላ አስመሳይም አለ። ጂም፣ የፊልም አገልግሎት ወይም የአጭር ጊዜ ብድር ስትጀምሩ ረጅሙን የካርድ ቁጥር ከሰጣችሁ ያ ዳይሬክት ዴቢት አይደለም፤ ካርዳችሁ ላይ የተሰጠ ፈቃድ ነው። በስህተት የተወሰደ ክፍያን የሚያስመልሰው የዳይሬክት ዴቢት ዋስትና አይሸፍነውም። ግን ባንኩን «ሰርዙልኝ» ካላችሁት የመሰረዝ ግዴታ አለበት። «መጀመሪያ ድርጅቱን አናግሩ» ብሎ ሊመልሳችሁ አይገባም።

ምልክት፦ «ገንዘቡ ነበረ፣ ወይም ያላወቅሁት መጠን ተወሰደ»

እዚህ ላይ ጉልበት አላችሁ። በዳይሬክት ዴቢት ዋስትና መሠረት ድርጅቱ መጠኑን ወይም ቀኑን ሲቀይር አስቀድሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 የሥራ ቀን በፊት፣ ሊያሳውቃችሁ ይገባል። ሳያሳውቅ 40 ፓውንድ የነበረውን 95 አድርጎ ቢወስድ፣ ወይም ቀኑ ሳይደርስ ቢወስድ፣ ባንካችሁ ሙሉውን ወዲያውኑ መመለስ አለበት። የድርጅቱን መልስ ጠብቁ አይባልም። ባንኩ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ላያውቀው ይችላልና በስሙ ጥሩት፦ «ዳይሬክት ዴቢት ጋራንቲ ክሌም» በሉ።

ሰው የሚረሳው የሚቀጥለውን ነው። ያ ስህተት ሒሳባችሁን ባዶ አድርጎ ሌላ ሁለት ክፍያ አስመልሶ ከሆነ፣ የእነሱም ቅጣትና ወለድ እንዲመለስ ለይታችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ብዙውን ጊዜ በራሱ አይመጣም። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ ዕዳው ትክክለኛ ሆኖ ሳለ በዋስትናው ብታስመልሱ ድርጅቱ መልሶ ይጠይቃችኋል።

ምልክት፦ «በየወሩ ያው ክፍያ ይመለሳል»

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀን ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (በየወሩ የሚከፈለው ዋናው ቤኒፊት) በ14 ይገባል፤ ስልኩ በ10፣ መብራቱ በ12 ይወሰዳል። ይህ ለስድስት ወር ሲደጋገም ገንዘቡ ሳያንስ ሰውየው ደሃ ሆኖ ይታያል። የዩኒቨርሳል ክሬዲት ቀን ካመለከታችሁበት ቀን ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሚቀለው የድርጅቶቹን ማንቀሳቀስ ነው። ለእያንዳንዳቸው ደውላችሁ ቤኒፊት ከሚገባበት ሦስት አራት ቀን ዘግይቶ እንዲወሰድ አድርጉ። በዚያው ቀን አታድርጉት፤ ገቢውና ወጪው በአንድ ሌሊት ሲሻሙ የቱ እንደሚቀድም አይታወቅም።

የገናን ወር ለብቻው አስቡት። ክፍያችሁ ዲሴምበር 25 ላይ የሚውል ከሆነ ቀደም ብሎ ይገባል። ደስ ይላል። ቀጣዩ ግን እስከ ጃንዋሪ 25 አይመጣምና ወሩ ይረዝማል፤ ጃንዋሪ ላይ የተመላሽ ክፍያ ደብዳቤ የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በየአራት ሳምንቱ ደመወዝ የምታገኙም በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ደመወዝ በአንድ የሒሳብ ወር (ዩኒቨርሳል ክሬዲት ገቢያችሁን በሚያሰላበት ወር) ውስጥ ይገባባችኋል፤ ያኔ ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ይቀንሳል ወይም ጭራሹን ይጠፋል። ያቺን ወር ካላንደር ላይ ቀድማችሁ ክበቧት።

ክፍያው በተመለሰበት ጠዋት ካወቃችሁ ቶሎ በሉ። ብዙ ባንኮች በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደገና ይሞክራሉ። የመጨረሻውን ሰዓት ከባንካችሁ ጠይቃችሁ ከዚያ በፊት ገንዘብ ካስገባችሁ ምንም እንዳልሆነ ያልፋል። ያ ካልተቻለ ባንኩን ተዉትና መጀመሪያ ለካውንስሉ ደውሉ፣ የተመለሰው ካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው የቤት ግብር) ከሆነ ማለቴ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ማስታወሻ ደብዳቤ መጥቶ 7 ቀን፣ ከዚያ ሌላ 7 ቀን ካለፈ በወር በወር የመክፈል መብታችሁ ይነሳና የዓመቱ በሙሉ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመራል። የባንኩ ቅጣት ከዚያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ምልክት፦ «ቤኒፊቱ ገባ፣ ኦቨርድራፍቱ ዋጠው»

እዚህ ጋ ጥቂት ሰው የሚያውቀው መሣሪያ አለ። ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ለባንኩ በጽሑፍ «በዚህ ቀን ከሚገባው ውስጥ ይህን ያህሉ ለቤት ኪራይ፣ ይህን ያህሉ ለምግብ ነው፤ ለዕዳው አትውሰዱት» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። በእንግሊዝኛ «ፈርስት ራይት ኦፍ አፕሮፕሪዬሽን» ይባላል። ደብዳቤው ከገንዘቡ በፊት መድረስ አለበት፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ እንደገና ይጻፋል፤ መጠኑና ቀኑ በቁጥር ይገለጻል። አድካሚ ነው። ለአንድ ለሁለት ወር መተንፈሻ ይሆናል እንጂ ኑሮ አይሆንም።

ዘላቂው መፍትሄ ዕዳ በሌለባችሁ ሌላ ባንክ ቤዚክ አካውንት ከፍቶ ቤኒፊቱን ወደዚያ ማዞር ነው። ትልልቆቹ ባንኮች ይህን አካውንት የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ኦቨርድራፍት የለውም፤ ክፍያ ቢመለስም ቅጣት የለም። የብድር ታሪካችሁ (ክሬዲት) ቢበላሽም ይሰጣል። የባንክ ሠራተኛው ሌላ ዓይነት አካውንት ሊያሳያችሁ ቢሞክር «ቤዚክ አካውንት» የሚለውን ቃል ደግማችሁ ተናገሩ። ያው ባንክ ውስጥ ሁለተኛ አካውንት መክፈት ግን አይጠቅምም፤ ባንኩ ከአንዱ አካውንታችሁ ወስዶ የሌላውን ዕዳ ሊሞላ ይችላል። አዲሱ ሲከፈት የዩኒቨርሳል ክሬዲት የኢንተርኔት ጆርናላችሁ ላይ የባንክ ዝርዝሩን ቀይሩ። የድሮውን ዕዳ ትታችሁ አትጥፉ፤ በትንሽ በትንሹ የምትከፍሉበትን ስምምነት ጠይቁ።

ምልክት፦ «ጠየቅሁ፣ እምቢ አሉ»

በስልክ «አይቻልም» መባል መልስ አይደለም። «ኮምፕሌይንት (ቅሬታ) ነው፣ መዝግቡልኝ» በሉና መለያ ቁጥር ተቀበሉ። ደብዳቤው ላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የእያንዳንዱ ቅጣት ቀንና መጠን፣ የምትቀበሉት የቤኒፊት ዓይነትና መጠን፣ የወር ወጪያችሁ፣ ቅጣቱ ምን እንዳሳጣችሁ፣ እና ምን እንደምትፈልጉ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ አትፈሩ። እኛ ጓዳችንን ለባዕድ መክፈት እናፍራለን፤ ይህ ጉዳይ ግን የሚወሰነው በጓዳው ነው። «16 ፓውንድ ሲቆረጥ የመብራት ካርድ መሙላት አልቻልኩም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ከሦስት ገጽ የሕግ ጥቅስ ይበልጣል። ከሰው የምታገኙት የደብዳቤ ናሙና የ1992ቱን የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 187 ሊጠቅስ ይችላል። ቤኒፊት ለሌላ ሊተላለፍ ወይም በዕዳ ሊያዝ አይችልም የሚለው ነው። መጥቀሱ አይጎዳም፤ ጉዳያችሁን ግን እሱ ላይ አትስቀሉ።

ባንኩ ለቅሬታው መልስ ለመስጠት እስከ 8 ሳምንት አለው፤ ቅሬታው ስለ ክፍያ አፈጻጸም ከሆነ በ15 የሥራ ቀን። መልሱ ካልጣማችሁ ወይም ጊዜው ካለፈ የደንበኞችንና የባንኮችን ክርክር በገለልተኝነት ወደሚዳኘው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ትሄዳላችሁ። ነፃ ነው፤ አስተርጓሚም ያቀርባሉ፤ ስልኩ 0800 023 4567 ነው። እነሱ የሚመዝኑት የቅጣቱን መብዛት ሳይሆን ችግራችሁን ስትናገሩ ባንኩ በአዘኔታ አስተናግዷችሁ እንደሆነ ነው። ስለዚህ የተናገራችሁበትን ቀን ጻፉ።

የመጨረሻ መልስ የሚባለው ደብዳቤ ሲመጣ 6 ወር መቁጠር ይጀምራል፤ ፖስታውን ከከፈታችሁበት ቀን ሳይሆን ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን። የጫማ ካርቶኑ ሥር አንድ ያልተከፈተ ፖስታ ነበረ። ልጃቸው በስልክ አቅርቦት ለነበረው ቅሬታ የመጣ የመጨረሻ መልስ፣ ከተጻፈ ሰባት ወር ከአሥር ቀን ያለፈው።