ስልክና የዳታ ጥቅል ለመቀየር ካሰቡ አሮጌውን ስልክ ቶሎ አይሽጡ

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ በየቀኑ ሐረጎን ወርጄ እወጣለሁ። ለዓመታት የያዝኩትን የአንድሮይድ ስልክ በአይፎን ስቀይር በገንዘብ የማይመለስ ነገር አጥቻለሁ። ለመቀየር የሚያስብ ሰው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ፍጆታዎን ይለኩ። በአንድሮይድ ቅንብር ውስጥ ያለው የዳታ አጠቃቀም ገጽ በወር ስንት ጊጋ ባይት እንደፈጁና የትኛው መተግበሪያ እንደበላው ያሳያል። የሙሉ ወሩን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ጥቅሉ አነሰኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዳታው የሚያልቅበት ቴሌግራም በራሱ በሚያወርዳቸው ቪዲዮዎች ነው። ያንን መዝጋት ሳንቲም አያስወጣም፤ ስልክ መቀየሩም ላያስፈልግዎ ይችላል።

ቀጥሎ ኔትወርኩን ይፈትኑ። ኢትዮ ቴሌኮም ይሻላል ወይስ ሳፋሪኮም ብሎ ጎረቤት መጠየቅ አያዋጣም። ደሴ በጦሳና በአካባቢው ተራሮች መሀል ያለች ከተማ ናት፤ አንዱ ሰፈር የሚያገኘውን ሌላው ላያገኝ ይችላል። ስልክዎ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ የሁለተኛውን ኩባንያ ሲም ያስገቡና የአንድ ሳምንት ጥቅል ይግዙ። በመኝታ ክፍልዎ፣ በሥራ ቦታዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት በሚጠቀምበት የምሽት ሰዓት ይሞክሩት።

የሚወዱት የትኛውንም ቢሆን የ09 ቁጥርዎን አይጣሉ። ቴሌብር የተሳሰረው ከእሱ ጋር ነው፤ ባንክዎም የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ወደ እሱ ይሆናል። እኔ 09ን ለጥሪና ለገንዘብ፣ 07ን ለዳታ ይዤ እጠቀማለሁ፤ ይህ አደረጃጀት ተመችቶኛል።

ያገለገለ አይፎን የሚገዙ ከሆነ ሻጩ በውስጡ ያለውን ሁሉ እፊትዎ ጠርጎ እንደ አዲስ እንዲያስጀምረው ያድርጉ። ስልኩ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ከጠየቀ ጥለውት ይውጡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የመጡት የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ ጎኑን ዳስሰው ያረጋግጡ። አይፎን ሚሞሪ ካርድም አይቀበልም፤ ስለዚህ በእኔ እምነት 64 ጊጋ ባይት ለማንም አይበቃም።

አሁን ወደ ከባዱ ደረጃ እንምጣ። ፎቶና የስልክ ቁጥሮች በጎግል አካውንት ውስጥ ካሉ በቀላሉ ይሻገራሉ፤ ቴሌግራምም ከምስጢራዊ ውይይቶች በስተቀር ገብተው ሲከፍቱት እንዳለ ያገኙታል። ዋትስአፕ ግን እንዲህ አይደለም። ጎግል ድራይቭ ላይ ያስቀመጡትን የዋትስአፕ መጠባበቂያ ቅጂ አይፎን አያነበውም።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ቅጂው አለ ብዬ ተማምኜ አይፎኑን ስልክ ቤት ውስጥ እንደ አዲስ አስጀመርኩት፤ አሮጌውን በማግስቱ ሸጥኩት። ማታ ዋትስአፕን ስከፍት ባዶ ነበር። አባቴ ከማረፉ በፊት በነበሩት ወራት የላከልኝ የድምፅ መልእክቶች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ገዢውን ፈልጌ አገኘሁት፤ በስልኩ ውስጥ የነበረውን ግን ሁሉንም ጠርጎታል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። አይፎኑ ገና ያልተጀመረ ወይም ተጠርጎ ወደ መጀመሪያው ሁኔታ የተመለሰ ይሁን። አንድሮይዱ ላይ ሙቭ ቱ አይኦኤስ የሚባለውን መተግበሪያ ይጫኑ። ሁለቱንም ስልኮች ኤሌክትሪክ ላይ ይሰኩና በአንድ ዋይፋይ ያገናኙ። አይፎኑን ማስጀመር ሲጀምሩ ከአንድሮይድ አምጣ የሚለውን ይምረጡ፤ የሚታየውን ኮድ አንድሮይዱ ላይ ይጻፉ፤ ከዝርዝሩ ዋትስአፕን ምልክት ያድርጉ። በአይፎኑ ዋትስአፕ ውስጥ የሚያስገቡት ቁጥር ያው የድሮው ቁጥር መሆን አለበት። ዝውውሩ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ይጀምሩት፤ እስኪያልቅም ስልኮቹን አይነካኩ። በጣም የሚወዱትን የድምፅ መልእክት ደግሞ አስቀድመው ለብቻው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ። ይህን ምክር አቅልለው እንዳያዩብኝ።

ወደ አይፎን ከገቡ በኋላ ዳታ የሚበሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ዋይፋይ ሲደክም ሳይጠይቅ ወደ ሞባይል ዳታ የሚያሻግረው የዋይፋይ አጋዥ ነው፤ ተከፍቶ ስለሚመጣ በሞባይል ዳታ ገጽ መጨረሻ ላይ ፈልገው ይዝጉት። ሌላው መተግበሪያዎች በሞባይል ዳታ መታደሳቸው ነው፤ እሱንም ይዝጉ። የዳታ ቆጣሪውን ጥቅል በገዙ ቁጥር ራስዎ ወደ ዜሮ ይመልሱት።

የባንክ መተግበሪያዎች በአዲሱ ስልክ ላይ እንደገና መመዝገብን ሊጠይቁ ይችላሉ፤ መታወቂያዎን ይዘው ወደ ቅርንጫፉ ይሂዱ። አሮጌውን ስልክ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በመሳቢያ ያቆዩት። እያንዳንዱን ውይይት፣ ፎቶና ቁጥር በአዲሱ ላይ አንድ በአንድ ከፍተው ካዩ በኋላ ከጎግል አካውንትዎ ይውጡ፤ ስልኩን ይጥረጉ፤ ያን ጊዜ ገዢ ይፈልጉለት።