ከባዮሎጂ ክፍል ወደ ጤና ሙያ፦ የሳይንስ ዲግሪን እንዴት መጠቀም ይቻላል?

«ሕክምና ሞልቼ ባዮሎጂ ደረሰኝ።» የትምህርት ክፍል ምደባ በሚወጣበት ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን የማይሰማ መምህር ያለ አይመስለኝም። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከደነባ የመጡ ልጆች ነጭ ጋዋን ለብሰው ሊመለሱ ለቤተሰብ ቃል ገብተው ነበርና ምደባው ሲወጣ ወደ ቤት ስልክ መደወል እንኳ ያሳፍራቸዋል። ለእነዚህ ልጆች ቁጭ ብዬ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። የሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ጤና ሙያ ያደርሳል። ነገር ግን መንገዱን ተማሪው ራሱ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ካልጠረገው ወረቀቱ ብቻውን የትም አይወስደውም።

መጀመሪያ፣ ዲግሪው የማይሰጣችሁን እወቁ

መራራውን ላስቀድም። በባዮሎጂ ወይም በኬሚስትሪ የተመረቀ ሰው በሽተኛ መርምሮ መድኃኒት አያዝም፤ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥም በውጤት ላይ አይፈርምም። ነርስነት፣ አዋላጅነት፣ ፋርማሲና የሕክምና ላቦራቶሪ የየራሳቸው ሥልጠናና የሙያ ፈቃድ ያላቸው ሙያዎች ናቸው። «ማይክሮስኮፕ ስለለመድሁ ሆስፒታል እቀጠራለሁ» በሚል ተስፋ ዓመታት ያባከኑ ተመራቂዎች አውቃለሁ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሆናችሁ ምርጫ በእጃችሁ ካለና ልባችሁ ከበሽተኛው አጠገብ መቆም ከሆነ፣ ነርሲንግን ወይም አዋላጅነትን ከባዮሎጂ በፊት ሙሉ። በታላቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ።

ምደባው ካለፈ ደግሞ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

እያንዳንዱን ኮርስ በጤና ጣቢያ ዓይን አንብቡ

ብዙ ተማሪ ፊዚክስን ለማለፍ ብቻ ይማራል። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰባ በመቶ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የሕክምና መሣሪያን ከጀርም ፈጽሞ ለማንጻት ግን 121 ዲግሪ የሚደርስ እንፋሎት ያስፈልጋል። በመፍላት ብቻ የትም ቦታ አይደረስበትም፤ በእኛ ደጋማ አገር ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። በእንፋሎት ማምከኛው ላይ የሚነበበው ግፊትም በባሕር ጠለል ላይ ከሚፈለገው ከፍ ማለት አለበት። ይህን የተረዳ ተማሪ የግፊትን ምዕራፍ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። ብርጭቆ ላይ የተለማመዳችሁት የማቅጠን ስሌት በጤና ተቋም ውስጥ በረኪና ሲዘጋጅ በየዕለቱ ይሠራል፦ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ፣ ውጤቱ 0.5 በመቶ። ከቀጠነ ጀርሙን አይገድልም፤ ከወፈረ እጅን ያቃጥላል፣ ብረቱንም ይበላል።

ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከውርጭ ወደ ወባ አገር ትገባላችሁ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያገረሽ ይህን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ይሰጣል። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የተባለ ኢንዛይም በዘር የሚያንሰው ሰው ግን ይህን መድኃኒት ሲወስድ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። የዘረ መል ኮርስ ላይ በኤክስ ክሮሞሶም የሚተላለፍ ባሕርይ ብላችሁ ያጠናችሁት ይኸው ነው፤ ወንዶች ላይ የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የምወደውን ምሳሌ ልጨምር። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሂሞግሎቢኑ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ የደም ማነስም የሚለካበት ንጥረ ነገር) ከፍ ይላል ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍት ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሂሞግሎቢን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይለይ አሳየ። ስለዚህ የመንዝ እናት የደም ማነስ እንዳለባትና እንደሌለባት ሲወሰን «መለኪያው የተሠራው በማን ደም ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የሳይንስ ትምህርት ለጤና ከሚሰጠው ስጦታ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ጥያቄ ነው።

ስታቲስቲክስን አትሽሹ

ተማሪዎቼ የሚፈሩት ኮርስ ይህ ነው፤ የሚያስቀጥራቸውም ብዙ ጊዜ ይህ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። በአንድ ወረዳ 2,000 ሰዎች ለአንድ በሽታ ተመረመሩ እንበል፤ በእርግጥ የታመሙት 20 ናቸው። ምርመራው ከታመሙት ከመቶ 95ቱን ይይዛል፤ ጤነኞቹንም ከመቶ 95ቱን በትክክል ነጻ ናቸው ይላል። ከታመሙት 19ኙ ይያዛሉ። ከ1,980ዎቹ ጤነኞች ግን 99ኙ በስህተት «በሽታ አለባችሁ» ይባላሉ። በድምሩ በሽታ አለባቸው ከተባሉት 118 ሰዎች የታመሙት 19 ብቻ ናቸው! ይህን በወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ሠርታችሁ ለጓደኛችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ የኅብረተሰብ ጤናን ግማሽ ልብ አግኝታችኋል። መረጃ ማጠናቀሪያና መተንተኛ ፕሮግራሞችንም በዚያው ተለማመዱ።

በክረምት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ

ከትምህርት ክፍላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ የአካባቢያችሁን ጤና ጣቢያ ኃላፊ አነጋግሩ። በሽተኛ እንድትነኩ አይፈቀድላችሁም፤ አትጠይቁም። ካርድ ክፍል መዝገብ ማስተካከል፣ የወባ ወይም የክትባት መረጃ ማጠናቀር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ተከትሎ ቤት ለቤት መሄድ ግን ይቻላል። የሰማችሁትን የበሽተኛ ምስጢር ለእናታችሁም አትንገሩ። ሁለት ወር በቂ ነው፤ ሙያው እንደሚስማማችሁና እንደማይስማማችሁ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታወቃችኋል።

የመመረቂያ ጥናታችሁን ከጤና ጋር አያይዙ

አክሊሉ ለማ ሐኪም አልነበሩም፤ የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቢልሃርዚያ የተባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ከዚያ ምልከታ የተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን እንዶድ በሳይንስ ዓይን አይተውት ነው። እናንተም ርዕስ ስትመርጡ ከሩቅ አታምጡ፦ የሰፈራችሁ የምንጭ ውሃ ንጽሕና፣ ገበያ ላይ የሚሸጥ ጥሬ ወተት፣ የትምህርት ቤት ልጆች የሆድ ትላትል። የሰው ናሙና የሚነካ ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃድ አስቀድሞ ያስፈልጋልና በጊዜ ጀምሩ።

በሩን ምረጡ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተናን በ50 በመቶ ማለፍ ግዴታ ሆኗል። እርሱን ካለፋችሁ በኋላ የሕክምና ማይክሮባዮሎጂ፣ ፓራሲቶሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ ወይም ባዮስታቲስቲክስ በሁለተኛ ዲግሪ መማር ይቻላል፤ ወደ ምርምርና ወደ ማስተማር የሚወስዱ ናቸው። የመግቢያ መስፈርቱ እንደየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ ማስታወቂያውን ቃል በቃል አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ የትምህርት ዘዴ በአገራችን ተጀምሮ ነበር። ጥሪ መኖሩን ሳታረጋግጡ ግን እቅዳችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ አትጣሉ። ነርሲንግን እንደ አዲስ መጀመርም ውርደት አይደለም፤ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ፊዚዮሎጂውን ከሌሎች ቀድሞ ይረዳዋል።

በመጨረሻው ዓመት፣ ግቢውን ከመልቀቃችሁ በፊት፣ የወሰዳችሁትን የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ከትምህርት ክፍሉ በማኅተም ተቀበሉ። የሚቀበላችሁ ተቋም ከራሱ ኮርሶች ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ለዚህ አንድ ወረቀት ከሞላሌ ወይም ከአጣዬ መመላለስ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። የመመረቂያ ጥናታችሁን አንድ ቅጂና የላቦራቶሪ ደብተራችሁን አብራችሁ በአንድ ማኅደር አስቀምጡ።