የጓሮ ማር ስትቆርጡ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቱታ ልበሱ፣ ማጨሻውን ቀድማችሁ ለኩሱ፣ አመሻሽ ላይ ቁረጡ የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ ልለፈው። የምጽፈው ማሩ ቤት ከገባ በኋላ "ምን ሆነብኝ?" እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ነገር ነው።

ማሩ አረፋ አወጣ፣ ጠጅ ጠጅ ሸተተ

የሚበዛው ይሄ ነው። ውሃ በዝቶበታል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ንቦች ከአበባ ያመጡትን ቀጭን ፈሳሽ በክንፋቸው እያራገቡ ያደርቁታል፣ ሲበስል በሰም ይከድኑታል። ውሃው ከ20 በመቶ ካለፈ እርሾ ይነሳና ማሩ ይፈላል። ያልተከደነ ቆርጣችሁ ከሆነ እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት፣ ንቦቹ ሥራቸውን ገና አልጨረሱም ነበር።

መስከረም ላይ አደይ አበባው ሲፈነዳ ቀፎው ይከብዳል፣ ሰውም ይጓጓል። አንድ የሰፈራችን ልጅ ለመስቀል ገበያ ልድረስ ብሎ ግማሹ ክፍት የሆነ የማር እንጀራ (ማሩ ያለበትን ሰም) ቆረጠ። ጥቅምት መጨረሻን ጠብቅ ብለነው ነበር። ኅዳር ላይ የባልዲው ክዳን እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ሲከፈት ተፍ አለና ነጭ አረፋ በጎኑ ወረደ። ገዢዎቹም መልሰው አመጡለት።

ስለዚህ ፍሬሙን፣ እንጀራው የተሠራበትን የእንጨት ክፈፍ፣ እዚያው ቀፎው አናት ላይ አግድም ያዙትና አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንጠባጠበ መልሱት። ሦስት አራተኛው ካልተከደነም አትንኩት፣ ገበያው የትም አይሄድም።

እንጀራው በደንብ ተከድኖም የሚፈላበት አለ። አንዲት እትዬ ማራቸው በየዓመቱ ይፈላባቸዋል፣ ቀፏቸው ግን እንከን የለውም። ሲቆርጡ ቆሜ አየሁ። እጃቸው እንዳይጣበቅ አጠገባቸው ውሃ በጣሳ አስቀምጠው ነከር ያደርጋሉ፣ ያው እርጥብ እጅ ተመልሶ ማሩን ይጨምቃል! ጣሳውን አስነሳሁት፣ ችግሩም አብሮ ተነሳ። ታጥቦ ያልደረቀ ባልዲም እንደዚያው ነው። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ጀበና በሚፈላበት ክፍል ክፍቱን አታሳድሩት። ገበያ ላይ ያለው ስስ ባልዲ ደግሞ ክዳኑ በጣት ሲገፉት የሚነሳ ነው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። እጭ (የንብ ልጅ) ያለበትን እንጀራ አብራችሁ አትጭመቁ።

አንዴ ከፈላ ወደ ድሮው የሚመልሰው የለም። ጠጅ ጣሉበት። ማር ብላችሁ አትሽጡት፣ ለንቦቹም መልሳችሁ አትስጡ፣ ተቅማጥ ያሲዛቸዋል።

ማሩ ረጋ

አልተበላሸም። "ስኳር ጨምረውበት ነው" የሚል ደንበኛ አይጠፋም፣ ንጹህ ማርም ይረጋል በሉት። ከነዕቃው እጅ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። እሳት ላይ የጣደ ሰው መዓዛውንም ጣዕሙንም አጣ።

ጭስ ጭስ አለ

ኩበቱ እርጥብ ነበር ወይም ጭሱን ማሩ ላይ አበዛችሁት። ናፍጣ የነካ ጨርቅ የሚያጨስም አይቻለሁ፣ እግዜር ይይለት።

ብረት ብረት አለ

የቆርቆሮ ማጣሪያ ነው። ማር አሲድነት አለው፣ ዝገቱን ያወጣዋል። "አይዝግም" የተባለው ሁሉ እውነት አይዝግም ማለት አይደለም።

ንቦቹ ቀፎውን ጥለው ሄዱ

ጠርጋችሁ ወስዳችሁባቸዋል፣ ምናልባትም ከነእጩ። ለራሳቸው የሚበሉትን ተዉላቸው። ጉንዳንም ያባርራቸዋል፣ የቀፎው መቆሚያ እግር ዙሪያ አመድ ነስንሱ፣ እግሩን የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፣ ከሣሩ ጋርም አይነካካ።

ሰው ተነደፈ

እሾሁን ቶሎ አውጡት፣ በጥፍር ፋቁትም በጣት ቆንጥጡትም ዋናው ፍጥነቱ ነው፣ በቆየ ቁጥር መርዙ ይገባል። የተነደፈውን ቦታ ጭስ ንፉበት፣ የእሾሁ ሽታ ሌሎቹን ንቦች ይጠራል፣ ጭሱ ይሸፍነዋል። ጉሮሮው ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ማሩን ተዉትና ሐኪም ቤት ሩጡ። ከመቁረጣችሁ በፊትም ውሻውን ፍቱት፣ ዶሮዎቹን አስገቡ፣ ለጎረቤት ንገሩ፤ በአጥር ማዶ ልብስ የምታሰጣው ልጅ ምን በደለች?